ሃኖይ የሚደነቅ፣ ረሆቮት የሚደበቅ

እሁድ ጠዋት የረሆቮት ባቡር ጣቢያ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል። ወደ ጦር ሰፈራቸው የሚመለሱ ወታደሮች፣ ወደ ቴል አቪቭ ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች፣ ከባቡር ወርደው ወደ ሳይንስ ፓርኩና ወደ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት የሚገቡ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች አንድ በር ላይ ይጋፋሉ። አብዛኛው ሰው በእጁ የሚበላ ነገር ይዟል፤ ቡሬካስ፣ ክሩዋሶን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች፣ ቡና በወረቀት ኩባያ። ከመካከላቸው ከቅርያት ሞሼ በአውቶቡስ የመጡ የኛ ልጆች አሉ። ቤታቸው ትናንት ማታ የተጋገረ እንጀራ፣ የተሠራ ሽሮ አለ። እጃቸው ላይ ያለው ግን ቡሬካስ ነው።

ከዚሁ ጣቢያ ሌላ ዓይነት መንገደኛም ይነሣል። ከሠራዊት አገልግሎት ወጥቶ፣ አንድ ዓመት ሠርቶ ገንዘብ ያጠራቀመ፣ ከራሱ ቁመት የማይተናነስ ቦርሳ ያዘለ ወጣት። እስራኤላውያን «ትልቁ ጉዞ» ይሉታል። ወላጆቻቸው የሱዳንን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው የመጡ ልጆች ዛሬ በደስታ ቦርሳ አዝለው ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቪየትናም ይሄዳሉ። «መንገድ» የሚለው ቃል ለእናትና ለልጅ አንድ ትርጉም የለውም።

ከነዚህ አንዷ የ23 ዓመት የቅርያት ሞሼ ልጅ ናት። ቪየትናም ልትሄድ ስትነሣ እናቷ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና አንድ ከረጢት በርበሬ አሰሩላት።

«እዚያ አገር ምን ልትበይ ነው ልጄ?»

«እማ፣ አገሩ ምግብ የሌለው መሰለሽ እንዴ?»

ምግብማ ሞልቷል። የእናትየው ጥያቄ ግን ስለ መጠን አልነበረም። ቪየትናም ውስጥ የአሳማ ሥጋ በየድስቱ ይገባል፤ ሽሪምፕና ሸርጣንም እንደዚያው። በ2016 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከአንቶኒ ቡርዴን ጋር ሃኖይ ውስጥ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበሉት፣ በስድስት ዶላር ነው የተባለለት ቡን ቻ እንኳ በከሰል የተጠበሰ አሳማ ነው። ዓለም ሁሉ ያንን ፎቶ አይቷል። ከቤተ እስራኤል ቤት ለወጣች ልጅ ግን ያ ሳህን ዝግ ነው።

መውጫውን ያገኘችው በሁለተኛው ቀን ነው። ከአንዳንድ መደብሮችና ጋሪዎች ላይ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ አየች። ቻይ ማለት በቪየትናምኛ ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ ነው፤ ለወትሮ በሁሉም ነገር ላይ የሚፈሰው የዓሣ መረቅ ጨው እንኳ አይገባበትም። ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም፤ ያን ቀን መንገዱ ሁሉ ቻይ ይሆናል። የጾም ምግብ ማለት ነው እንግዲህ። ኢትዮጵያ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤት ገብቶ «የጾም አለ?» ብሎ መጠየቅ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። (በአማርኛ ቻይ ማለት ታጋሽ መሆኑም ሳያስቃት አልቀረም።) ኮሸር አጥብቆ የሚይዝ ሰው ስለ ድስቱና ስለ ቢላዋውም ይጠይቃል፤ ለእሱ ይህ መልስ አይሆንም። እሷ ግን የራሷን መስመር አስምራ ሥጋም የባሕር ነገርም ሳትነካ ሦስት ሳምንት በላች።

ከበላችው ሁሉ ልቧን የነካው ባን ኩዎን ነው። አንዲት ሴትዮ በማለዳ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ከፊቷ የሚፈላ ድስት አለ፣ የድስቱ አፍ ላይ ጨርቅ ተወጥሯል። ሩዝ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ የወጣውን ቀጭን ሊጥ በጭልፋ ጨርቁ ላይ ታፈሳለች፣ በጭልፋው ጀርባ አዙራ ታሰፋዋለች፣ ክዳን ትደፋበታለች። ጥቂት ቆይታ ክዳኑን ታነሣና በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ሳይቀደድ ታወጣዋለች። ከዚያ እንጉዳይ ጨምራ ትጠቀልለዋለች። ልጅቷ ቆማ ያየችው ይህንን ነው፤ ሊጥ ማዞር፣ መክደን፣ እንፋሎቱን መጠበቅ፣ ሳይቀደድ ማውጣት። ልጅ ሳለች በየሳምንቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያየችው፣ ግን ቆማ አይታው የማታውቀው ነገር ነው።

ቪዲዮ ቀርጻ ለእናቷ ላከች። የእናትየው መልስ በድምፅ መጣ፤ «እጇ ጥሩ ነው። ሊጧ ግን አልኮመጠጠም። ዓይን አላወጣም እኮ!» ልክ ነበሩ፤ የባን ኩዎን ሊጥ እንደ እንጀራ አይቦካም።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ እንደዚህ ሆነባት። ፎ የሚባለው ሾርባ ዝንጅብሉና ሽንኩርቱ በእሳት ተለብልቦ፣ ቀረፋ ተጨምሮበት ለሰዓታት ይንተከተካል፤ የቻዩ ዓይነት በእንጉዳይና በአትክልት ይሠራል። ከጎኑ ናና፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል በሳህን ይመጣል። በደቡብ ባን ሴዎ የሚሉት በእርድ የቀላ የሩዝ ቂጣ አለ፤ «ሴዎ» ሊጡ ትኩስ መጥበሻ ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ነው። እሱን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው በእጅ ነው የሚበሉት። ሰው ሻጯን በስሟ አይጠራትም፤ እንደ ዕድሜዋ እህት፣ አክስት ወይም አያት ይላታል፣ እኛ «እትዬ» እና «እማማ» እንደምንለው። ዋጋው ከ10 ሼቄል በታች ነው። ፎቶዎቹን ኢንስታግራም ላይ ስትለጥፍ የጓደኞቿ ልቦች ዘነቡላት። «እንዴት ያምራል!» «ቀናሁብሽ!» አንዳቸውም ግን የእናቷን ምጣድ ፎቶ አይተው አያውቁም። እሷም ለጥፋው አታውቅም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ይህችው ልጅ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች እናቷ ቦርሳዋ ውስጥ እንጀራ እንዳይጨምሩባት ለምናለች። «ይሸታል ይሉኛል» ብላ። በዚህ አገር ያደገ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር በአንድ ወይም በሌላ መልክ ያልተናገረ የኛ ልጅ ጥቂት ነው። የዓሣ መረቅ ሽታ በሃኖይ «የቦታው ጣዕም» ይባላል። የበርበሬ ሽታ በረሆቮት የሕንጻ ደረጃ ላይ የጎረቤት ቅሬታ ነው። ሽታን ጣዕም የሚያደርገው ርቀት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሽታው አይደለም።

ለነገሩ እስራኤል ቪየትናሞችን በቅርብ ለማወቅ ዕድል ነበራት። በሰኔ 1977 ዩቫሊ የተባለች የእስራኤል ጭነት መርከብ በባሕር ላይ ሊሞቱ የነበሩ 66 ቪየትናማውያንን አነሣች። ሌሎች መርከቦች ዝም ብለዋቸው አልፈው ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊን ሥልጣን እንደያዙ ከሠሯቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እነዚህን ሰዎች ማስገባት ነው፤ በ1939 አይሁዳውያን ስደተኞችን ጭና ወደብ የተነፈገችውን ሴንት ሉዊስ መርከብ አስታውሰዋል። እስከ 1979 ድረስ ወደ 360 የሚሆኑ ገቡ፤ ኦፋቂም፣ አፉላና ስዴሮት ሰፈሩ። በዚያው በ1977 እኚሁ ቤጊን ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ መሣሪያ አድርሰው በሚመለሱ አውሮፕላኖች ጥቂት ቤተ እስራኤላውያንን አስመጥተዋል፤ ነገሩ በ1978 ሲገለጥ ቆመ እንጂ። ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው ፊርማ ነው በሩን ያገኙት ማለት ይቻላል። ከቪየትናሞቹ ብዙዎቹ ኋላ ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። ዛሬ ቴል አቪቭ ውስጥ ፎ እየበላ ስለ ሃኖይ የሚያወራው እስራኤላዊ ፎን የተማረው ከአፉላ ጎረቤቱ አይመስልም። ሃኖይ ድረስ ሄዶ ነው የተማረው። ጎረቤት ሲያበስል ማንም ቆሞ አላየም።

የሃኖይ ነገር ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይደለም። ቱሪስት የማያየው ሌላ ገጽ አለ። በመንገድ ዳር የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከዙሪያው ገጠር የመጡ። የሃኖይ አስተዳደር በ2008 በ62 መንገዶች ላይ ሸክም ይዞ መሸጥን ከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ በሃኖይም በሆ ቺ ሚን ከተማም የእግረኛ መንገድ እናጸዳለን ተብሎ ብዙ ጋሪና በርጩማ ተነሥቷል። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የጉሊት ሴቶች፣ ቆሎና ንፍሮ የሚሸጡ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠብሱ እናቶች ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እቃቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። ከተማ ሁሉ የመንገድ ምግቡን ይበላል፣ የሠራችውን ሴት ግን ያባርራል። ሆኖም በሃኖይ ሴትዮዋ ነገ ተመልሳ ትመጣለች፤ ምክንያቱም ሰፈሩ ቁርሱን ከእሷ ነው የሚበላው። የሚሽላን መጽሐፍ በ2023 ወደ ቪየትናም ሲገባ የፎ ቤቶችን በዝርዝሩ አካትቷል። ያ የመጣው ግን የሰፈሩ ሰው አሥርት ዓመታት ሙሉ እዚያ ወረፋ ከያዘ በኋላ ነው። ፈረንጅ አይቶ አላጸደቀላቸውም። ፈረንጅ የመጣው የቆመውን ሰው አይቶ ነው።

እዚህ አገርም ይህ ሆኗል። ሳቢኽን የዒራቅ አይሁዳውያን የሰንበት ጠዋት ምግብ ነበር፤ በ1960ዎቹ ራማት ጋን ላይ በፒታ ተጠቅልሎ ወደ መንገድ ወጣ፣ ዛሬ እስራኤላዊ ምግብ ነው። ጃኽኑን ደግሞ ከዚያም የቀረበ ነው። ረሆቮት ውስጥ ሻዓራይም የሚባለውን የየመኖች ሰፈር የማያውቅ የለም። የየመን እናቶች ሌሊቱን በትንሽ እሳት የሚያሳድሩት ያ ሊጥ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በረዶ ሆኖ ይሸጣል፣ ሰንበት ጠዋት ከየትኛውም ወገን ቤት ይገኛል። እነሱም ቢሆኑ ሲመጡ ተንቀዋል፣ በቋንቋቸውና በአለባበሳቸው ተስቆባቸዋል። ምግባቸው ግን ወደ ውጭ ወጣ።

እንጀራስ ለምን አልወጣም? በዚህ አገር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያ ነክ ሰው አለ። ቴል አቪቭና ሌሎች ከተሞች ጥሩ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ረሆቮትም በርበሬውንም እንጀራውንም የሚሸጡ ሱቆች ይገኛሉ፤ ገዢያቸው ግን በአብዛኛው የኛው ሰው ነው። ሲግድ ሲደርስ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች እናቶችን ይጋብዛሉ። እንጀራ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ለቅምሻ የሚቀርብ ምግብ የሙዚየም ዕቃ ይሆናል። ማክሰኞ ቀን፣ የተራበ ሰው፣ ገንዘቡን አውጥቶ ሲገዛው ነው ምግብ የሚሆነው።

አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። በ1968ቱ የንግድ ፈቃድ ሕግ መሠረት ምግብ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ደግሞ ጤና ጥበቃን፣ እሳት አደጋን፣ ማዘጋጃ ቤትን ያዞራል። «ኮሸር» ብሎ ለመጻፍ በ1983ቱ ሕግ የረቢነቱ ምስክር ወረቀት የግድ ነው። ይህ ለማንም ከባድ ነው። ዕብራይስጥ በጎልማሳነቷ ለተማረች፣ ጎህ ሳይቀድ ቢሮ ለምታጸዳ እናት ግን ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ለመናገር የሚከብደው ነው። በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ተገለጠ። በ2018 ደግሞ በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ ከቦታቸው መነሣታቸው ተዘገበ፤ አንድ ጥብቅ የኮሸር አካል አይሁድነታቸውን ስለተጠራጠረ ነበር። የስፋራዲም ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ነገሩን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት፣ ፋብሪካውም ከጩኸቱ በኋላ ወደኋላ አለ። መልካም ነው። ግን እጅሽ ወይን ያረክሳል የተባለች ሴት «እጄ ያቦካውን ብሉልኝ» ብላ መንገድ ላይ ለመውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቃት ማሰብ ነው። ይህን ሳይቆጥሩ «የኛ ሰዎች ንግድ አይችሉም» የሚሉ ሰዎች ይሰማሉ፤ ከራሳችንም ውስጥ።

ሦስተኛው የልጆቹ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው መክሰስ አይቻልም። ገዢ የሌለው ምግብ ወደ መንገድ አይወጣም፣ የመጀመሪያው ገዢ ደግሞ የራስ ልጅ ነው። ቡን ቻን ለኦባማ ያቀረቡት ሰዎች ከኦባማ በፊት የሃኖይ ተማሪዎችና ሠራተኞች በሉላቸው። ከቅርያት ሞሼ ተነሥቶ ጣቢያው ላይ ቡሬካስ የሚገዛ ልጅ፣ እንጀራ ቢሸጥለት ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይበላል ወይ? ዛሬ መልሱ ምናልባት «አይ» ነው። ሽሮውን ይወዳል፣ ቤት ይበላል፣ በር ዘግቶ።

ሽማግሌዎችም የራሳቸው ተቃውሞ አላቸው፣ ይኸውም የሚናቅ አይደለም። እንጀራ ቆሞ አይበላም፤ እጅ ይታጠባል፣ ይባረካል፣ ከአንድ ገበታ ይቆረሳል፣ ይጎራረሳል። ወረቀት ላይ ጠቅልሎ እየሮጡ መብላት ምግቡን ማዋረድ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ ሰው እርጥብና ሳምቡሳ ቆሞ ሲበላ ማንም ውርደት ነው አላለም። ሃኖይም ለዚሁ ጥያቄ መልሱን በእግሩ ሥር አስቀምጦታል፤ ያ ዝቅተኛ የፕላስቲክ በርጩማ። ሰው መንገድ ዳር ነው፣ ግን ተቀምጧል፤ ከሻጯ ጋር ይነጋገራል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ይነካካል። ቡና በሚፈላበት ቤት ያደገ ሰው በርጩማን ማንም አያስተምረውም። በነገራችን ላይ ቪየትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ሃኖይ ላይ በእንቁላል የተመታ ቡና ለመጠጣት ቱሪስት ወረፋ ይይዛል። የአረቢካ መነሻ ኢትዮጵያ ሆና ሳለ፣ የረሆቮት ጣቢያ ተሳፋሪ በወረቀት ኩባያ የሚጠጣው ቡና ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ምን ቢሆን ነው? ትልቅ ነገር አያስፈልግም። እሁድ ጠዋትና ሐሙስ ከሰዓት፣ ወታደሮችና ተማሪዎች በሚበዙበት ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለጥቂት እናቶች ቦታና አንድ የጋራ ኮሸር ወጥ ቤት ቢሰጥ ይበቃል። የሃኖይ ብልሃት አንዲት ሴት አንድ ምግብ ብቻ መሥራቷ ነው። አንዷ ፍርፍር፣ አንዷ በሽሮ የተጠቀለለ እንጀራ፣ አንዷ ድፎ ዳቦና ቡና። ከጤፍ ውድነት የተነሣ ከሌላ ዱቄት ጋር ቢቀላቀልም ችግር የለውም፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ነው የሚጋገረው። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የምግብ ፋኩልቲ የሚገኘው እዚችው ከተማ ውስጥ ነው። ስለ እርሾና ስለ መቡካት በየቀኑ የሚማር ሰው ከጣቢያው ሲወርድ አብሲት ጥላ የምትጋግር ሴት ቢያገኝ የሚጠይቃት አያጣም።

ጊዜው ግን ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጋገር የተማሩት እናቶች ጉልበታቸው እየደከመ ነው፣ እዚህ ከተወለዱት ሴት ልጆች ደግሞ እርሾ መያዝ የምትችል ስንት እንደሆነች ማንም ቤቱን ቢያይ ያውቀዋል። ወንዶቹማ ምጣዱን ለማጽዳት እንኳ አይጠየቁም።

ልጅቷ ተመልሳለች። ከመጣች ጀምሮ ሁለት ጊዜ ከእናቷ ጎን ቆማ ጋግራለች፤ የመጀመሪያው ተቀደደ፣ ሁለተኛው ጠርዙ ደረቀ። እናቷ ስቀውባታል። ስለ ጣቢያው ሐሳብ ስታነሣላቸው ግን አልሳቁም። «ወረቀቱን ማን ይጨርስልኛል?» ነው ያሉት። የቪየትናምን ቪዛ ቅጽ በኢንተርኔት በአንድ ሌሊት የሞላችው እሷ ናት፣ በእንግሊዝኛ። የማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ በዕብራይስጥ ነው።